የአየርላንዷ ወይዘሮ ሥዕል የማን ነው?

በዚያ ቤት ደብተር ላይ ስለ ሥዕሉ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የጻፍኩት በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ሦስቱንም ጊዜ ግን ጣጣ አመጣሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሆላንድ አገር፣ ሙርዋይክ በሚባል የዴን ሃግ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው፤ ሆላንዶች ታውስዞርኽ ይሉታል። በምንሄድበት ቤት ሁሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ይቀመጣል። ጠዋት የገባችው ሠራተኛ ምን እንዳበላች፣ የትኛውን ኪኒን እንደሰጠች ጽፋ ትወጣለች፤ ከሰዓት የምትመጣው አንብባ ከዚያ ትቀጥላለች። መርሳት የጀመራቸው ሰዎች ቤት ስንገባ ደግሞ የሚያወሩትንም እንድንጽፍ አለቃችን አዝዛን ነበር። ሐኪሙ የሚፈልገው ነገር አለ አለችን። እኔም እንደ ታዘዝኩት እጽፋለሁ፤ በዚያ በሦስት ዓመት የማታ ትምህርት በለቃቀምኩት ሆላንድኛዬ።

የአየርላንዷ ሴትዮ ቤት የደረሰኝ ብርዱ በበረታበት ሰሞን ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ተወልደው ያደጉት አየርላንድ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፈረስ ሊገዙ አገራቸው የሄዱ አንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ አግብተው መጡ። ባልየው የመጀመሪያ ሚስታቸው ሞታባቸው አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ለብቻቸው ያሳድጉ ነበር። ሴትዮዋ ያቺን ልጅ አሳደጉ፤ የራሳቸውን አልወለዱም። ባላቸውም ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ኖረውበት ሆላንድኛቸው ገና ይንከባለል ነበር፤ የኔ ደግሞ ይሰናከላል። ለዚህ ይመስለኛል ከማውቃቸው አረጋውያን ሁሉ ይበልጥ ከሳቸው ጋር የምንግባባው። ሁለታችንም ቀስ ብለን ነበር የምናወራው።

ሥዕሉ ሳሎን ውስጥ፣ ከዕቃ መደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል። የክፈፉ ወርቃማ ቅብ እዚህም እዚያም ተላልጧል። አንዲት ወይዘሮ ናት፤ ከግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው የሐር ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። አገጯ ረዘም ይላል። ፊቷ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ነው፤ ጸጉሯ ግን ድፍን ነጭ። ይህ ነገር ገና ከመጀመሪያው ቀን ግራ አጋባኝ። ወጣት ትሁን አሮጊት መወሰን አቅቶኝ፣ አቧራ ስጠርግ ቀና እያልኩ አያታለሁ። ሴትዮዋ አይተውኝ ኖሮ በዚያ ዘመን ሴቶች ጸጉራቸው ላይ ዱቄት ይነሰንሱ እንደነበር ነገሩኝ። ቋንቋው ያሳሳተኝ መስሎኝ፣ የሚጋገረው ዱቄት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱው ነው አሉኝ። ከተሣለች ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል አሉ።

ያን ዕለት ታሪኳንም አወሩኝ። በአባታቸው ወገን ዘራቸው ናት፤ የአያታቸው አያት ወይም ከዚያ ከፍ ያለች፤ እሳቸው በጣታቸው ሲቆጥሩ እኔ መሐል ላይ ጠፋኝ። በአባታቸው ቤት የደረጃው አናት ላይ ተሰቅላ ነበር። ልጅ ሳሉ ሊተኙ ሲወጡ በሷ ሥር ስለሚያልፉ ሳያስቡት እጅ ይነሷት እንደነበር ነገሩኝ። ደስ ብሏቸው ነበር የሚያወሩት። ሴትዮዋን የምጠራቸው እንደ ሆላንዶቹ ሜቭራው፣ ወይዘሮ፣ እያልኩ ነው። ስወጣ ደብተሩ ላይ «ሜቭራው ዛሬ በደንብ በሉ። ሥዕሉ ከአባቴ ቤት የመጣ የዘር ነው አሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ድንች እያላጥኩ ሳለ ስለ ባላቸው አነሱ። ሰውየው ጥሩ ሰው እንደነበሩ፣ ፈረስ ሲገዙ ጥርሱን ሳይሆን ዓይኑን ያዩ እንደነበር አወሩኝና፣ ያቺን ሥዕል እኮ እሱ ነው የገዛው አሉኝ። አየርላንድ ውስጥ ቤት ተዘግቶ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ገዝተው ለሠርጋቸው እንደሰጧቸው ተናገሩ። ቢላዋዬን አቆምኩ። ከአባቴ ቤት ነው ብለውኝ አልነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አዎ፣ ከአባቴ ቤት ነው አሉኝ፤ ወዲያው ድንቹን በጣም አሳንሰሽ አትቁረጪ ወደሚል ተሻገሩ። አሳዘኑኝ። መርሳቱ በረታባቸው ብዬ፣ «ዛሬ ደግሞ ሥዕሉን ባሌ ገዛው አሉ» ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ጠያቂዎቻቸው ሁለት ነበሩ። አንዱ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሮተርዳም አጠገብ ሆግቭሊት የሚኖር፣ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ መሐንዲስ የሆነ፣ ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ ረጅም ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለተኛዋ እንጀራ ልጃቸው፣ ያቺ በአራት ዓመቷ የተቀበሏት ልጅ ናት፤ አሁን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ሆናለች። ረቡዕ ረቡዕ ከአምስተርዳም በባቡር ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ሁለቱ ሰላም ይባባላሉ እንጂ አንድ ቀን አብረው ሻይ ሲጠጡ አላየሁም።

ሐኪሙ ሴትዮዋ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም፣ የአረጋውያን መኖሪያ ይግቡ ያለ ዕለት ነገሩ ተጀመረ። የሚሰጣቸው አንድ ክፍል ስለሆነ ዕቃው መከፋፈል ነበረበት። ቅዳሜ የወንድማቸው ልጅ ደብተሩን ሲያገላብጥ የመጀመሪያውን ገጽ አገኘ። ረቡዕ እንጀራ ልጃቸው ሁለተኛውን አገኘች። ሁለቱም ገጻቸውን ፎቶ ኮፒ አስነሱ፤ ከዚያ ሁለቱም በየተራ ወጥ ቤት ያዙኝ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ መሐንዲሱ።

«እኔ ነኝ።»

«አክስቴ በእርግጥ ከአባቴ ቤት ነው ብላለች?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ ይህን ሌላውን ለምን ጻፉት?»

«እሱንም ስላሉ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ያ ሥዕል ከአባቱና ከአክስቱ ቤት የተረፈ ብቸኛ ነገር እንደሆነ፣ ቤቱ ዛሬ ጣሪያው እንኳ እንደሌለው፣ አየርላንድ ከእናቷ ጋር የምትኖር አንዲት ሴት ልጅ እንዳለችውና ይህ ነገር ለሷ ካልተላለፈ ዘሩ የሚባለው ነገር ወሬ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር በትሕትና አስረዳኝ። እውነቱን ነው አልኩ በልቤ።

ረቡዕ ስትመጣ እንጀራ ልጃቸው ደግሞ ሥዕሉ በሣጥን ሲመጣ እንደምታስታውስ ነገረችኝ። ወይዘሮዋ ገለባ ውስጥ ተኝታ፣ አባቷ ገለባውን በጣታቸው ከፊቷ ላይ ሲያነሱላት። እሷ ገና መቁጠር የምትማር ልጅ ነበረች። «ደማቸው የለኝም፤ ግን ከሳቸው ሌላ እናት አላውቅም» አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው። አመሻሽ ላይ በትራም ስመለስ ራሴን ያዘኝ። አንደኛውን ሳምን ሁለተኛዋን ውሸታም የማደርግ ይመስለኛል።

ከዚያ ሁለቱም የሰማሁትን በወረቀት ጽፌ እንድፈርም ጠየቁኝ። መኖሪያ ፈቃዴ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ ፊርማ የሚባል ነገር ያስበረግገኛል። ጨነቀኝና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደቡብ ሮተርዳም ወደሚኖሩ አንድ አባት ሄድኩ። ኤርትራዊ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ብዙ ዓመት ስለሠሩ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። እዚህ መጥተው ወደብ ላይ መጋዘን ሲያጸዱ ቆይተው ጡረታ ወጥተዋል። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሴትዮዋ ውሸታም ናቸው?»

«አይደሉም። ይረሳሉ እንጂ።»

«የሚረሳ ሰው ይጎድልበታል እንጂ አይጨምርም። ሁለቱንም ካሉ ምናልባት ሁለቱም አለ። አንቺ ግን ዳኛ አይደለሽም። የሰማሽውን ተናገሪ፤ የገባሽን አትናገሪ። ስንት ምስክር በገባው ነገር ሰው አስፈርዷል።»

ቀላል ምክር መስሎኝ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የሰማሁትን ከገባኝ ለመለየት ብሞክር፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አጣሁት።

ሁለቱ ወረቀቱን ትተው በሌላ ነገር ተስማሙ፤ አምስተርዳም ውስጥ የድሮ ሥዕል የሚያውቁ አንድ አዛውንት እንዲያዩት። ሴትዮዋ «ሥዕሉ ያለ እኔ ከቤት አይወጣም» አሉ፤ «እኔ ደግሞ ያለ እሷ አልወጣም» ብለው እጄን ያዙ። አለቃዬ ፈቀደችልኝ። በመሐንዲሱ መኪና ሴትዮዋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ወይዘሮዋ በሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ አጠገቤ ናት፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ወደ ትከሻዬ ትዘነበላለች።

አዋቂው ሰውዬ ቦይ ዳር ካለ ጠባብ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚሠሩት። እንጀራ ልጃቸው ቀድማ ደርሳ ትጠብቀናለች። ሰውዬው ሥዕሉን መስኮት ዳር አቁመው በትንሽ ባትሪ ከቅርብ፣ ከጎን፣ ከታች አዩት። የጨርቁ አሸማመን፣ የቀለሙ አቀባብ፣ የቀሚሱ አሰፋፍ ዘመኑን ይነግረኛል አሉ፤ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ እጅ ነው። በዚያ ጊዜ ሠዓሊዎች ከአንዱ ባለጸጋ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ፣ እየተቀመጡ ይሥሉ እንደነበር አወሩን። ፊርማ የለበትም። ሠዓሊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ወይዘሮዋ ማን እንደሆነች ደግሞ ጨርቁ አይነግረኝም አሉ፤ ዘመዳችሁ ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች።

ይህን ጊዜ ነገሩ ይባስ ዞረብኝ። ሁለቱ የሚጣሉባት ሴት ዘመድ ላትሆን ነው? መሐንዲሱን አየሁት፤ ፊቱ ቀልቷል። ሥዕሏን አየኋት። አገጫቸው አንድ ነው። ግን እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፈረንጅ ሁሉ ይመሳሰልብኝ የነበረበት ጊዜ ገና አላለፈም።

ሰውዬው ለስላሳ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አነጠፉና ወይዘሮዋን ቀስ አድርገው በፊቷ አስተኟት። ያን ሁሉ ዓመት ጀርባዋን ያየ ሰው ከነበረ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። የእንጨቱ ጠርዝ ላይ ያረጀ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቀለሙ ወደ ቡኒ ተለውጧል። የሴትዮዋ የአባታቸው ቤተሰብ ስም ነው፣ ከሥሩ የቤቱ ስም። መሐንዲሱ ትንፋሹን ለቀቀ። ሰውዬው ግን ባትሪውን ዝቅ አደረጉ። ከወረቀቱ ሥር፣ እንጨቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሌላ ነገር ነበር፣ በሆላንድኛ። ጮክ ብለው አነበቡት፤ ተመልሳ ቤቷ ገባች የሚል ነው።

እንጀራ ልጃቸው ጎንበስ ብላ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች።

«የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች።

ሁላችንም ወደ ሴትዮዋ ዞርን። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። እንደ ሰለቸው ሰው ነበር የሚያዩን።

«አባቴ ሸጣት፤ ቤቱ ከእጁ ሊወጣ ስለሆነ ዕቃውን ሁሉ ሸጠ። እኔ አለቀስኩ። ባሌ፣ ያኔ ገና ባሌ አልነበረም፣ ሐራጁ ላይ ነበርና ሄዶ ገዛት። ለሠርጌ አመጣልኝ። ይህን ለሁላችሁም ነግሬአችኋለሁ።»

እውነታቸውን ነበር። እኔ በሁለት ገጽ ስለጻፍኩት ሁለት ነገር መሰለን እንጂ እሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ነው። የደብተሩ የጥያቄ ምልክት ትዝ አለኝና አፈርኩ። የረሱት እሳቸው ናቸው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ እንጀራ ልጃቸውም አብራን መኪናው ውስጥ ገባች፤ ከኋላ ሦስት ሆንን፣ ወይዘሮዋ መሐላችን። መሐንዲሱ ስለ አባቷ ጠየቃት። እሷም ስለ ፈረሶቹ አወራችለት። የተፈታ መሰለኝ። ግን ያን ዕለት የታወቀው ሥዕሉ እንዴት እንደመጣ ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አልታወቀም። የዘር የነበረ፣ በባል የተገዛ፣ ለሚስት የተሰጠ ነገር ከሚስት በኋላ የማን ነው? ሴትዮዋን ሁለቱም ሊጠይቋቸው አፈሩ።

ወደ አዲሱ ቤት ሊዛወሩ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ጠዋት ገላቸውን እያጠብኳቸው ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍት ነው። ሥዕሉ ተነቅሎ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ጀርባቸውን ሳለቀልቅ በእርጥብ እጃቸው ወደ በሩ ጠቆሙና፣ «ያ ለሷ ነው» አሉኝ።

«ለማን፣ ሜቭራው?»

«ለሷ ነዋ። ታውቂያለሽ።»

አላውቅም አልኳቸው። ፈገግ አሉና ውኃው ቀዘቀዘብኝ አሉ። ፎጣ ጠቀለልኩላቸው፣ አለበስኳቸው፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ «ሥዕሉ ለሷ ነው አሉ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ትኩሳት ያዛቸው። ሳንባቸው ነው ተባለ፤ ሆስፒታል ገብተው በሳምንታቸው አረፉ። አዲሱን ቤት አላዩትም።

ከቀብር በኋላ ሁለቱ ባዶ ሊሆን በቀረበው ሳሎን አስቀመጡኝ። ደብተሩ መሐላችን ጠረጴዛው ላይ ነው። መሐንዲሱ ለሷ ማለት ማን ናት አለኝ። የሮተርዳሙን አባት ምክር ያዝኩና የሰማሁት ይኸው ነው፣ ስም አልጠሩም አልኩ። እንጀራ ልጃቸው ቀና ብላ አላየችውም። ሁለቱም የሚያስቡት ይገባኝ ነበር፤ ለሱ «እሷ» አየርላንድ ያለችው ልጁ ናት፣ ለእንጀራ ልጅየዋ ደግሞ ራሷ ናት። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሴትዮዋ የልጅቷን ፎቶግራፍ ከራስጌያቸው ያኖሩ ነበር፣ እንጀራ ልጃቸውንም «የኔ ትንሽ» እያሉ ይጠሩ ነበር።

በመጨረሻ የተናገረው እሱ ነው።

«አንቺ ውሰጃት። ከዚያ በኋላ ለልጄ ትሰጫታለሽ።»

«በሕይወት እያለሁ እሰጣታለሁ» አለችው። ተቃቀፉ አልልም። ሻይ ግን አብረው ጠጡ፤ ያፈላሁት እኔ ነኝ።

እንዳለችውም አደረገች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለፋሲካ ካርድ ላከችልኝ፤ ልጅቷ መጥታ አንድ በጋ አብራት እንደተቀመጠች፣ ወይዘሮዋንም በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ አየርላንድ እንደወሰደቻት ጻፈችልኝ። ደስ አለኝ። ለሮተርዳሙ አባት በስልክ አነበብኩላቸው፤ ጥሩ መሰከርሽ አሉኝ።

ያላልኳቸው አንድ ነገር አለ። ያን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሥዕሉ ብቻ አልነበረም። አጠገቡ አንድ ከረጢት ሹራብ ተቀምጦ ነበር፤ ታች ፎቅ ለምትኖረው ጎረቤታቸው እንዲሰጥ በዋዜማው ራሳቸው የለዩት። ሴትዮዋ የጠቆሙት ወደ በሩ ነው። ወደ ሥዕሉ ይሁን ወደ ከረጢቱ አልለየሁም። ሥዕሉ ለሷ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ያሉት ግን «ያ ለሷ ነው» ብቻ ነው። ይህን ለሁለቱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የሥዕሏን ፊት ሲያዩ አየኋቸውና ተውኩት። ሹራቡን ለጎረቤቷ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ደግ ሠራሁ ወይስ በደልኩ፣ ዛሬም ሳስበው አይለይልኝም።